ቪዛ ተከለከላችሁ? ድጋሚ ከማመልከታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ፓስፖርታችሁ ተመለሰ፤ ገለጥ ገለጥ አደረጋችሁት፤ ቪዛ የለም። ያናድዳል። ግን በዚያው ንዴት ማታውኑ ሌላ ፎርም መሙላት እንዳትጀምሩ። ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ብትሄዱ የምታገኙት ያንኑ መልስ ነው፣ ክፍያውም እንደ አዲስ ነው።

መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብቡ። የሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች) የሚሰጡት ወረቀት ላይ ምክንያቶቹ ተዘርዝረው እናንተን የሚመለከተው ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። የእንግሊዝ ደግሞ የቪዛ ኦፊሰሩ ምኑን እንዳላመነ በጽሑፍ ያብራራል። አስቸጋሪው የአሜሪካው ነው። እዚያ ምክንያቱ በሕግ አንቀጽ ቁጥር ነው የሚነገራችሁ። 214ቢ ከተባላችሁ በአጭሩ «ተመልሰህ እንደምትመጣ አላሳመንከኝም» ማለት ነው። 221ጂ ከሆነ ግን አትደንግጡ፣ ወይ የጎደለ ወረቀት አለ ወይ ጉዳያችሁ እየተጣራ ነው፤ የተጠየቃችሁትን ወረቀት በ1 ዓመት ውስጥ ካስገባችሁ እንደገና አትከፍሉም።

ይግባኝ ወይስ አዲስ ማመልከቻ? ያስገባችሁትን ወረቀት ኦፊሰሩ ሳያየው ካለፈ፣ ሸንገን ላይ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ የጊዜ ገደቡ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ደብዳቤው ላይ ፈልጉት። ወረቀቱን ያላስገባችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን በይግባኝ አትድከሙ፣ አዲስ አስገቡ። የአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ይግባኝ የለውም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ካለፈው ወዲህ ምን ተለወጠ? ምንም ካልተለወጠ ቆዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባንክ ላይ ነው። ለወራት ባዶ የነበረ ሂሳብ ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በአንዴ ሲሞላ፣ ለኦፊሰሩ የሚታየው ሀብት ሳይሆን ብድር ነው። መኪና ሸጣችሁ ከሆነ የሽያጭ ውሉን አያይዙ። ወጪውን የሚሸፍን ዘመድ ካለ የእሱ የባንክ ስቴትመንት ብቻውን አይበቃም፣ ዝምድናችሁንም አሳዩ። ከመሥሪያ ቤት የምታመጡት ደብዳቤ ሥራችሁን፣ ደመወዛችሁን፣ ፈቃዱ የሚያልቅበትን ቀን ይጻፍ። የጉዞው ርዝመትም ከገቢያችሁ ጋር ይመጣጠን፤ የአንድ ወር ሽርሽር አቅዶ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ማሳየት ራሱ ጥያቄ ያስነሳል።

ከዚያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። «ባለፈው የተከለከልኩት በዚህ ምክንያት ነው፣ አሁን ይህን አያይዣለሁ» በቃ። ልመናና የቤተሰብ ታሪክ አያስፈልግም።

«ከዚህ በፊት ተከልክለህ ታውቃለህ?» ለሚለው ጥያቄ እውነቱን መልሱ። መከልከል ወንጀል አይደለም፣ መደበቅ ነው ጣጣው። አንዱ የሸንገን አገር ሲከለክላችሁ መረጃው በጋራ መዝገባቸው እስከ 5 ዓመት ስለሚቀመጥ ጎረቤቱ ጋ ሄዶ አላውቅም ማለት አያዋጣም። ሐሰተኛ መረጃ ማቅረብ ካናዳ ላይ 5 ዓመት፣ እንግሊዝ ላይ 10 ዓመት ያሳግዳል፣ አሜሪካ ላይ ደግሞ እገዳው እስከ ዕድሜ ልክ ሊሄድ ይችላል። ወረቀቱን የሠራው ደላላ ቢሆንም ፊርማው የእናንተ ነው፣ የሚቀጣውም እናንተን ነው።

የድሮውን ፎርም ኮፒ ፈልጉና ከአዲሱ ጋር አስተያዩት። ኦፊሰሩም የቀድሞ ፋይላችሁን ማየት ይችላል። ያኔ «ሒሳብ ሠራተኛ» ያላችሁትን አሁን «ሥራ አስኪያጅ» ካላችሁ የዕድገት ደብዳቤውን ያዙ። ቲኬት ደግሞ ቪዛው እስኪወጣ አትግዙ፤ ቦታ ማስያዣ ከተጠየቃችሁ ሊሰረዝ የሚችለውን ምረጡ።