በሪሞት የምትበር የፎም አውሮፕላናችሁ አልበር አለች? ሞተሩን ሳትቀይሩ ይህን እዩ

የመጀመሪያዋ አውሮፕላኔ ደጋግማ ስትወድቅ «ሞተሩ ደካማ ነው» ብዬ ሌላ ገዛሁ። በረረች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አሮጌውን ሞተር መልሼ፣ አፍንጫዋ ላይ ጥቂት ባለ አንድ ብር ሳንቲሞች በፕላስተር ለጠፍኩ። አሁንም በረረች! ያዳናት የአዲሱ ሞተር ጉልበት ሳይሆን ክብደቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም «አልበር አለችኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ባላንሷ ነው።

ከእጅ እንደወጣች አፍንጫዋን ሽቅብ ትቀስርና ትወድቃለች

ጭራዋ ከብዷል። ባትሪውን ጨምሮ ሁሉም ዕቃ በቦታው እንዳለ፣ ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶቻችሁን ከክንፎቹ ሥር አድርጋችሁ አንሷት። ክንፉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስፋት ካለው፣ ሚዛኗን መጠበቅ ያለባት ከፊተኛው ጠርዝ ከስፋቱ ከ25 እስከ 33 በመቶ ባለው ቦታ ላይ ነው። ክንፉ 20 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ፣ ከፊት 5 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ በክንፉ ሆድ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። ጣቶቻችሁን እዚያ ስታሳርፉ አፍንጫዋ ትንሽ ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። ጭራዋ ከወረደ አትወርውሯት።

መፍትሄው በመጀመሪያ ባትሪውን ወደ ፊት መግፋት ነው። ቦታ ካጣችሁ ብቻ ክብደት ጨምሩ። ስትሠሩም ጭራው ላይ ሙጫ አታብዙ። ጭራው ሩቅ ስለሆነ፣ እዚያ የጨመራችሁት አንድ ግራም አፍንጫው ላይ ሁለትና ሦስት ግራም ያስከፍላችኋል።

በተቃራኒው ቁልቁል የምትሰምጥ ከሆነ ባትሪውን በ1 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሳቡት። ከዚያ በፊት ግን የሪሞቱ ዘንግ መሐል ላይ ሳለ የጭራው ኤሌቬተር (ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል) ቀጥ ማለቱን እዩ።

ባላንሷ ልክ ነው፣ ግን ከፍ አትልም

አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ብዙዎቻችን ፕላኑን የምናገኘው ከውጭ አገር ሰው ቪዲዮ ነው። ያ ሰው ምናልባት ባሕር ዳርቻ ላይ ነው የሚያበረው። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያንኑ ክብደት ለመሸከም ያው ክንፍ 12 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መሄድ አለበት። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ያንሰዋል።

ስለዚህ ክብደት ቀንሱ። ትርፍ ሙጫውን ቅረፉ፣ ቀለሙን ተዉት፣ ቀለል ያለ ባትሪ ፈልጉ። ከዚያ የሞተሩ መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ አንድ ቁጥር ተለቅ ያለ ፕሮፔለር ሞክሩ። ከአጭር በረራ በኋላ ሞተሩን ንኩት፤ ጣት የማያስነካ ከሆነ ፕሮፔለሩ በዝቶበታል። ስትወረውሩም ወደ ነፋሱ ዞራችሁ፣ ጥቂት እርምጃ ሮጣችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ልቀቋት። ወደ ሰማይ አትወርውሯት። መጀመሪያ ፍጥነት ትያዝ፣ ከፍታው በኋላ ይመጣል።

ፕሮፔለሩ ተገልብጦ ተገጥሞም ሊሆን ይችላል። ቁጥር የተጻፈበት ፊት ወደ በረራው አቅጣጫ ማየት አለበት። ሞተሩ በተቃራኒ እየዞረ ከሆነ ከሞተሩ ሦስት ገመዶች ማናቸውንም ሁለቱን አቀያይሩ።

ወደ ግራ ትጋደማለች

ከኋላዋ ቁሙና የሪሞቱን ዘንግ ወደ ቀኝ ግፉ። የቀኙ ኤሌሮን (በክንፉ ኋለኛ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ መነሣት አለበት። ከወረደ ቻናሉን (የዚያን ክፍል ትእዛዝ የሚያስተላልፈውን መስመር) በሪሞቱ ላይ ገልብጡት። ይህን ሳያዩ ወርውረው ስንት ቀን የለፉበትን በሁለት ሰከንድ ያጡ ልጆች አውቃለሁ፤ አንጀት ይበላል።

እሱ ደህና ከሆነ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክንፉን ከኋላ አጮልቁ። ከጠመመ በፀጉር ማድረቂያ ለስለስ አድርጋችሁ አቃኑት። የምትጋደመው ጋዝ ስትሰጧት (የሞተሩን ኃይል ስትጨምሩ) ብቻ ከሆነ ግን የሞተሩ ግፊት ነው። በግራ በኩል ባሉት የሞተር ብሎኖች ሥር ቀጭን ሮንዴላ አስገቡ። ሞተሩ 2 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ካየ ይበቃል።

ሞተሩ ጲጵ ጲጵ ይላል እንጂ አይዞርም

አብዛኛውን ጊዜ የጋዙ ዘንግ ዜሮ ላይ አልነበረም፣ ወይም የጋዙ ቻናል ተገልብጧል። ስትፈትሹ ፕሮፔለሩን ፍቱት። እባካችሁ ይህን አትለፉት። ትንሽ የምትመስለው ፕሮፔለር ጣት ትቆርጣለች።

ፎሙ ይቀልጣል

ከቲቪ ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም ሱፐር ግሉም ማስቲሽም ይበሉታል። በግሉ ጋን ወይም በነጩ የእንጨት ኮላ አጣብቁ። መገጣጠሚያው ላይ ስቴኪኒ ብትሰኩ ጥንካሬው ሌላ ነው።

ባትሪው ቶሎ ያልቃል

ባለ ሦስት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሲሞላ 12.6 ቮልት ነው። እያንዳንዱ ሴል 3.5 ቮልት ሲደርስ አውርዷት። ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ ለአንድ ጊዜም ቢሆን።

ለሙከራው ሣር ያለበት፣ ሰው የማይበዛበት ሜዳ ፈልጉ። ፈቃድ ጠይቁ፣ ከኤርፖርት ፈጽሞ ራቁ። መጀመሪያ ሞተሩን ሳታስነሡ በወገብ ከፍታ ቀስ ብላችሁ ልቀቋትና አካሄዷን እዩ። ቀጥ ብላ ተንሸራታ ሣሩ ላይ በሆዷ ካረፈች፣ ያን ጊዜ ጋዝ ስጧት።