በቆየ ላፕቶፕ ላይ በግራፊክስ ምክንያት የሚመጣን ድንገተኛ መቋረጥ መርምሮ ማስተካከል

አንድ የቆየ ላፕቶፕ ቪዲዮ ሲከፈትበት ወይም ጌም ሲጀመርበት ስክሪኑ በድንገት የሚጨልም፣ ደርቆ የሚቀር ወይም ራሱን ሪስታርት የሚያደርግ ከሆነ፣ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚሞክረው አዲስ የግራፊክስ ድራይቨር (ዊንዶውስ የግራፊክስ ቺፑን የሚያዝበትን ሶፍትዌር) አውርዶ መጫን ነው። ይህ እርምጃ አልፎ አልፎ ችግሩን ይፈታል። ይሁን እንጂ መነሻው ሙቀት ወይም የግራፊክስ ቺፑ ራሱ ከሆነ ድራይቨር መቀያየሩ ጊዜ ከማባከን አልፎ፣ ቀድሞ ደህና ይሠራ የነበረውን ክፍል ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ጥፋቱ ከሶፍትዌር፣ ከሙቀት ወይስ ከሃርድዌር መሆኑን መለየት ይቀድማል። ከዚያም በፊት አስፈላጊ ፋይሎችን በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ዛሬ የተነሣ ማሽን ነገ ላይነሣ ይችላልና።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የማሽኑ አወዳደቅ፣ ማለትም ሥራው የሚቋረጥበት መንገድ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሲስተሙ የግራፊክስ ቺፑን ይቆጣጠራል፤ ቺፑ የተሰጠውን ሥራ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ከተመለሰ ይህ ሙከራ ተሳክቷል ማለት ነው። ካልተሳካ ደግሞ «ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ከሁለቱም የተለየው ምንም መልእክት ሳያሳይ መብራት እንደሄደበት ጭልጥ ብሎ የሚጠፋው ነው፤ በዚህ ጊዜ ከድራይቨር ይልቅ ሙቀትን ወይም ኃይል አቅርቦትን መጠርጠር ይሻላል። የ2 ሰከንዱን ገደብ በሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ እንዲያራዝሙ የሚመክሩ ብዙዎች ናቸው። ከባድ ስሌት ለሚያሠራ ሰው ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ለታመመ ቺፕ ግን ምልክቱን ከመደበቅ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ቀጥሎ ሲስተሙ ራሱ የመዘገበውን ማንበብ ነው። ኢቨንት ቪወርን ከፍተው «ሲስተም» በሚለው ክፍል ማሽኑ በወደቀበት ሰዓት አካባቢ የተጻፈውን ይፈልጉ። ቁጥር 4101 ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ እንደገና መነሣቱን ይናገራል፤ የድራይቨሩን ስም ስለሚጠቅስ ሁለት ግራፊክስ (ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራና ሌላ ለብቻው የቆመ) ባለው ማሽን የትኛው እንደወደቀ ይታወቅበታል። ከርነል ፓወር በሚል ስም የሚመዘገበውን ቁጥር 41 ግን ብዙዎች እንደ ምክንያት ይቆጥሩታል። እርሱ የሚለው ማሽኑ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው፤ ለምን እንደጠፋ አይነግርም። የመዝገቡ ብዛት ግራ ካጋባዎ ሪላየቢሊቲ ሞኒተር ያንኑ መረጃ በቀን ከፋፍሎ ያሳያል፤ መውደቁ የጀመረበት ቀንና አንድ ድራይቨር ወይም የዊንዶውስ አፕዴት የገባበት ቀን አንድ ከሆነ ፍለጋው በግማሽ ቀለለ ማለት ነው።

በስክሪኑ ላይ ባለቀለም መስመሮች፣ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ወይም የተረጩ ነጠብጣቦች የሚታዩ ከሆነ ግን ብዙ የሚናገር ምልክት ነው፤ ሳይቸኩሉ ሊመረምሩት ይገባል። ምልክቱ እየታየ ሳለ ስክሪንሾት (በካሜራ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ራሱ የሚቀርጸውን የስክሪን ምስል) አንሥተው ፎቶውን በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ ይመልከቱት። መስመሮቹ በፎቶው ውስጥ አብረው ከተቀረጹ ምስሉ የተበላሸው ገና ሲዘጋጅ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ቺፑ፣ ወደ ሜሞሪው ወይም ወደ ድራይቨሩ ያመዝናል። ፎቶው ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ምስሉ የተበላሸው ወደ ስክሪኑ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ኤክስተርናል ሞኒተር ያገናኙ። ሞኒተሩ ንጹሕ ምስል እያሳየ የላፕቶፑ ስክሪን ብቻ የሚዛባ ከሆነ፣ በተለይም ክዳኑን ወደፊትና ወደኋላ ሲያደርጉት መስመሩ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ጥፋተኛው በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ኬብል ሊሆን ይችላል፤ እርሱን መቀየር ደግሞ ማዘርቦርድ ከመንካት እጅግ ይቀላል። በአንጻሩ የአምራቹ አርማ ሲወጣ ወይም ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ሳሉ በሁለቱም ስክሪኖች ላይ መስመሩ ከታየ ገና ዊንዶውስ ስላልተነሣ ድራይቨር የሚከሰስበት ምክንያት የለም።

እንዲህ ያለ ምልክት ከሌለ ማሽኑን በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ክፍሎች ብቻ በሚነሣበት ሁኔታ ያስነሡ። ሺፍትን ተጭነው ሪስታርት ካሉ በኋላ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ በሚለው መንገድ ይገኛል። በሴፍ ሞድ የአምራቹ ድራይቨር ስለማይጫን፣ ማሽኑ ዘወትር በሚወድቅበት ጊዜ ሳይወድቅ ከቆየ ድራይቨሩን መጠርጠር ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በሴፍ ሞድ ቺፑ ከባድ ሥራ ስለማይሠራ የደከመውም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ይህን ጥርጣሬ የሚያጠራው ሊኑክስ የተባለውን ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነሥቶ ቪዲዮ ማጫወት ነው። ፈጽሞ የተለየ ሲስተምና የተለየ ድራይቨር ይዞም በተመሳሳይ ሁኔታ ከወደቀ ችግሩ ከሃርድዌር ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ድራይቨሩ ከተጠረጠረ ለቆየ ማሽን አዲሱ ሁሉ የተሻለ እንዳልሆነ መረዳት ያስፈልጋል። የግራፊክስ ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ ፌርሚ ለተባለው የቺፕ ትውልድ አዳዲስ ድራይቨር ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አቁሟል፤ ሌላው አምራች ኤኤምዲም እ.ኤ.አ. በ2021 የበርካታ ቀደምት ራዲዮን ካርዶችን ድጋፍ ዘግቷል። ዊንዶውስ አፕዴት በራሱ የሚያመጣው ድራይቨርም ላፕቶፑ ሲሠራ ከታሰበለት የተለየ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ በትክክለኛው የሞዴል ቁጥር የተቀመጠውን ድራይቨር አስቀድመው ያውርዱ። ከዚያ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፣ በሴፍ ሞድ ሆነው ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በተባለው ፕሮግራም የነበረውን ከነቅሪቱ ያስወግዱ፣ ያወረዱትንም ይጫኑ። ኢንተርኔቱ የሚቋረጠው እርስዎ ሳይጨርሱ ዊንዶውስ የራሱን እንዳያስገባ ነው። ኢንቴልና ሌላ ግራፊክስ አንድ ላይ ባሉበት ላፕቶፕ የኢንቴሉ ድራይቨር ቀድሞ ቢገባ ይመረጣል፤ በእነዚህ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ምስሉ ወደ ስክሪኑ የሚደርሰው በእርሱ በኩል ነውና። ችግሩ የሚታየው በብራውዘር ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት በብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውን (ብራውዘሩ የግራፊክስ ቺፑን እንዲጠቀም የሚያደርገውን) አጥፍተው ይሞክሩ።

ሙቀትን ለመለካት ኤችደብሊውኢንፎን የመሰለ ፕሮግራም ከፍተው ማሽኑን ከባድ ሥራ ያሠሩት። የላፕቶፕ ግራፊክስ በሥራ ላይ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢደርስ አያስደነግጥም፤ ከ95 በላይ እየወጣ ከጠፋ ግን ምክንያቱ ተገኘ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከታች ያለውን ቀዳዳ ጠርጎ ጸድቷል ማለቱ ነው። አቧራው የሚጠራቀመው በፋኑና በመዳቡ ቧንቧ ጫፍ ባሉት ስስ ክንፎች መካከል ሲሆን፣ ከጊዜ ብዛት እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተጠቅጥቆ አየሩን ይዘጋዋል፤ ፋኑ ካልተነሣም ከውጭ አይታይም። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎና የባትሪው ሶኬት ተላቅቆ ፋኑን ማንሣት፣ ያንን ንጣፍ በፒንሴት ማውጣት፣ ቀሪውን በታመቀ አየር መንፋት ነው። ሲነፉ ፋኑ በኃይል እንዳይሽከረከር በጣት ይያዙት። በዚያው አጋጣሚ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) በአልኮል ጠርገው በስሱ አዲስ ይቀቡ። በሜሞሪ ቺፖቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ቴርማል ፓዶች ግን በፔስት አይተኳቸው፤ ፓዱ ውፍረት ያለውን ክፍተት የሚሞላ ስለሆነ በፔስት ቢተካ ቺፑ ከማቀዝቀዣው ጋር ሳይነካካ ይቀራል። ባትሪው አብጦ ካገኙት ሥራውን እዚያው ያቁሙ፤ ሳይቀየር ማሽኑን መልሶ መጠቀም ለእሳት ይዳርጋል።

ራምንም መርሳት አይገባም። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዋናው ራም ይጋራል፤ አንድ የተበላሸ ራም የግራፊክስ ችግር መስሎ ሊታይ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት 86ን ሌሊቱን ማስኬድ፣ ሁለት ራም ካለም አንድ በአንድ እያወጡ መሞከር ይበቃል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ቺፑ ላይ ከተደረሰ የአንዳንድ ማሽኖችን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2008 በተወሰኑ የላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ የማሸጊያ ቁስ ድክመት መኖሩን አምኖ ለጥገና ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን አስታውቋል። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2011 ለሸጣቸው ባለ 15 እና ባለ 17 ኢንች ማክቡክ ፕሮ እ.ኤ.አ. በ2015 የነጻ ጥገና ከፍቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ቺፕ በሙቅ አየር ወይም በምድጃ አሙቆ ማስነሣት በየቦታው ይመከራል። ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ ሊነሣ ይችላል፤ ድክመቱ በቺፑ ውስጥ ስለሆነ ግን ይመለሳል፣ ምድጃውም በሌሎች ክፍሎች ላይ ተጨማሪ ጉዳት ያደርሳል። ሁለት ግራፊክስ ላለው ላፕቶፕ የተሻለው መፍትሔ የደከመውን ከባዮስ፣ ካልተቻለም ዊንዶውስ የማሽኑን ክፍሎች ከሚዘረዝርበት ከዲቫይስ ማኔጀር ዘግቶ በኢንቴሉ ብቻ መሥራት ነው። ከባድ ጌም ይቀራል፤ ጽሑፍ፣ ኢንተርኔትና ቪዲዮ ግን ይሠራሉ።

ቺፑ አንድ ብቻ ከሆነ የሚቀረው ማዘርቦርድ መቀየር ነው። ያገለገለ ማዘርቦርድ ያንኑ ቺፕ በዚያው ዕድሜ ይዞ ስለሚመጣ፣ ከመግዛትዎ በፊት ተነሥቶ በከባድ ሥራ ላይ ሲቆይ ይዩት። ለባለሙያ የሚሰጡት ከሆነም የኢቨንቱን ቁጥር፣ የስክሪንሾቱንና የኤክስተርናል ሞኒተሩን ውጤት በወረቀት ጽፈው አብረው ይስጡት፤ አለዚያ ሥራውን ፎርማት ከማድረግ ሊጀምር ይችላል።