ስቴፐር ሞተር እርምጃ ሲስት፦ ከድራይቨሩ ማስተካከያ በፊት የሚታዩ ምልክቶች

አነስተኛ ሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ) ልኩን የሳተ ሥራ ሲያወጣ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ እጁን የሚሰደው በድራይቨሩ (ሞተሩን በሚነዳው ኤሌክትሮኒክ ቦርድ) ላይ ወዳለችው ትንሽ የከረንት ማስተካከያ ነው። ማስተካከያዋ ግን የምትወስነው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ከረንት ከፍተኛ መጠን ብቻ ሲሆን፣ በትንንሽ እርምጃ የሚዞረው ስቴፐር ሞተር እርምጃ የሚስትባቸው (የታዘዘውን እርምጃ ሳይዞር የሚቀርባቸው) ምክንያቶች ከዚህ በጣም ይሰፋሉ። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ችግሩ መቼ እንደሚከሰት ነው፤ ገና ሲነሳ፣ ከሞቀ በኋላ፣ ሲፈጥን ወይስ አቅጣጫ ሲለውጥ?

ምልክት፦ ሞተሩ ባለበት ይነዝራል እንጂ አይዞርም

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሽቦዎቹ ጥንድ መደባለቁ ወይም አንዱ መላላቱ ነው። ኃይሉን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ሞተሩን መንቀል፣ ከአራቱ ሽቦዎች ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ ማገናኘትና ዘንጉን በእጅ ማዞር ይበቃል፤ ዘንጉ ከወትሮው ከከበደ ሁለቱ ሽቦዎች የአንድ ጥቅል (በሞተሩ ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ) ናቸው። ኃይል እያለ የሞተር ሽቦ መንቀል ድራይቨሩን ሊያቃጥል ስለሚችል በዚህ ላይ ቸልታ አይገባም።

ምልክት፦ በደንብ ሲሠራ ቆይቶ ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በራሱ ይነሳል

ይህ ድራይቨሩ ከመጠን በላይ ሞቆ ራሱን ማጥፋቱን ያሳያል፤ «ጉልበት አነሰው» ብሎ ከረንት መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል። ኤ4988 የተባለው ትንሽ ድራይቨር ያለ ሙቀት ማስወገጃ በደህና የሚችለው በእያንዳንዱ ጥቅል 1 አምፔር ያህል ነው። ከዚህ በላይ ከተፈለገ ሙቀት ማስወገጃና ፋን ያስፈልጉታል።

የከረንቱን መጠን ለማወቅ የመልቲሜትሩን አሉታዊ ጫፍ ከግራውንድ፣ አዎንታዊውን ከማስተካከያዋ ራስ ላይ አድርጎ የማመሳከሪያውን ቮልቴጅ መለካት ነው። በኤ4988 ይህ ቮልቴጅ ለመለኪያ ሬዚስተሩ (ድራይቨሩ ከረንቱን ለሚለካበት) 8 እጥፍ ሲካፈል ከረንቱን ይሰጣል። ሬዚስተሩ 0.1 ኦም ከሆነ 0.8 ቮልት 1 አምፔር ማለት ነው፤ 0.05 ኦም ከሆነ ግን ያው 0.8 ቮልት 2 አምፔር ይሆናል። ብዙ ድራይቨር የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የሌላውን ቁጥር ይገለብጣል እንጂ በራሱ ቦርድ ላይ ያለውን ሬዚስተር አያነብም። ዲአርቪ8825 በተባለው ሌላ ድራይቨር ከ0.1 ኦም ሬዚስተር ጋር 1 አምፔር የሚገኘው በ0.5 ቮልት ነው። ማስተካከያዋን በፕላስቲክ ወይም በሴራሚክ መፍቻ ማዞር ይመረጣል፤ የብረት መፍቻ ከተንሸራተተ ሾርት ያደርጋል። በእኔ ግምት ሞተሩ ላይ ከተጻፈው ከረንት 70 በመቶው ጥሩ መነሻ ነው።

ሞተሩ ራሱ ለእጅ የሚያቃጥል መሆኑ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ሆኖም በፒኤልኤ ፕላስቲክ በ3ዲ ማተሚያ የታተመ የሞተር መያዣ በ60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር፣ ሞተሩ የቻለውን ሙቀት መያዣው ላይችለው ይችላል።

ምልክት፦ በዝግታ ደህና ነው፣ ሲፈጥን ግን ጮኾ ይቆማል

የጥቅሉ ኢንዳክታንስ (የከረንት ለውጥን የመቃወም ባሕርይ) ከረንቱ ቶሎ እንዳይጨምር ስለሚይዘው፣ እርምጃዎቹ ሲፈጥኑ ከረንቱ ከተወሰነለት መጠን ሳይደርስ ቀጣዩ እርምጃ ይመጣል፤ ጉልበቱም ይወድቃል። ያልተደረሰበትን ጣሪያ ከፍ ማድረግ ምንም አይለውጥም። የሚረዳው ድራይቨሩ እስከፈቀደ ድረስ ፓወር ሰፕላዩን ለምሳሌ ከ12 ወደ 24 ቮልት ማሳደግ፣ አለዚያም ማሽኑን በሚመራው ሶፍትዌር በጂአርቢኤል ከ$110 እስከ $112 በተባሉት ቅንብሮች ያለውን ከፍተኛ ፍጥነትና ከ$120 እስከ $122 ያለውን አክስለሬሽን (የፍጥነት አጨማመር) መቀነስ ነው።

ማይክሮስቴፕ (አንዱን እርምጃ ወደ ትንንሽ ክፍልፋዮች መከፋፈል) ማብዛትም የራሱ ዋጋ አለው። በአንድ ዙር 200 እርምጃ ያለው ሞተር በ16 ማይክሮስቴፕ 3200 ምት (የእርምጃ ትእዛዝ) ይፈልጋል፤ በዙር 8 ሚሊሜትር የሚነዳ ብሎን ካለው በሚሊሜትር 400 ምት ይሆናል። በደቂቃ 3000 ሚሊሜትር ለመሄድ በሰከንድ 20,000 ምት ያስፈልጋል፤ በ32 ማይክሮስቴፕ ደግሞ 40,000። በአርዱዊኖ ኡኖ (አነስተኛ የመቆጣጠሪያ ቦርድ) ላይ የሚሠራ ጂአርቢኤል በተረጋጋ ሁኔታ የሚያወጣው በሰከንድ እስከ 30,000 ገደማ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የሞተሩም የድራይቨሩም አይደለም።

በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ ሞተር የሚያጓራ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሬዞናንስ (እርምጃዎቹ ከሞተሩ የራሱ ንዝረት ጋር መገጣጠማቸው) ነው፤ ፍጥነቱን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ማለፍ ይበቃል።

ምልክት፦ ሥራው በረዘመ ቁጥር ልኩ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ይሄዳል

ይህ ከሁሉም የሚያሳስተው ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ሞተሩም አይቆምም። እንደ ቲቢ6600 ባሉ ከመቆጣጠሪያው ቦርድ ውጭ ለብቻቸው በሚገጠሙ ድራይቨሮች ላይ የእርምጃው ምት ከተገለበጠ ወይም የአቅጣጫው ምልክት ከምቱ ጋር እጅግ ከተቀራረበ፣ አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር እርምጃ ሊጠፋ ይችላል። በአንድ ምልልስ አንድ ማይክሮስቴፕ ብቻ ቢጠፋ እንኳ ከላይ ባለው ስሌት 400 ምልልስ 1 ሚሊሜትር ያሸሻል።

ለማረጋገጥ ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ መርፌ መሣሪያ) አስደግፎ አክሲሱን (ማሽኑ የሚንቀሳቀስበትን አንዱን መስመር) መቶ ጊዜ፣ ከዚያም ሁለት መቶ ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ማመላለስ ይገባል። ስህተቱ ከምልልሱ ጋር እኩል ካደገ የምልክት ችግር ነው፤ መጠኑ ካልተለወጠ ግን በብሎኑና በዳዶው መካከል ያለ ክፍተት ነው፤ እሱን የትኛውም የድራይቨር ማስተካከያ አይፈታውም። ለምልክት ችግሩ በጂአርቢኤል $2ን (የምቱን አቅጣጫ የሚወስነውን ቅንብር) መገልበጥ፣ ካልበቃም በ$0 የምቱን ርዝመት መጨመር መፍትሄ ይሆናል። ሽሽቱ የሚታየው ማሽኑ ቆሞ ከቆየ በኋላ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሞተሮቹ ሲያርፉ እየተለቀቁ ነውና $1ን 255 ማድረግ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ሞተሮቹ ሳይንቀሳቀሱም ስለሚሞቁ የከረንቱን ልክ እንደገና መለካት ይገባል።