ጋዝ እንደሚታመቅ በሲሪንጅ ማሳየት

«ጋዝ ይታመቃል፣ ፈሳሽ አይታመቅም» የሚለው ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ልጆች ይሸመድዱታል እንጂ አይገባቸውም። አዲስ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝታችሁ መርፌውን አስቀሩት። አየር እስከ 10 ስባችሁ አፉን በጣት ድፈኑና መግፊያውን ተጫኑ፤ ወደ 5 አካባቢ ይወርዳል፣ ስትለቁት ወደ 10 ይመለሳል። በውሃ ስትደግሙት ንቅንቅ አይልም። የአየር ቅንጣቶች ተራርቀው ስለሚገኙ መቀራረብ ይችላሉ፤ የውሃው ግን ቀድሞውንም ተጠጋግተዋል።

ሙከራውን የሚያበላሸው ውሃው ውስጥ የቀረ አረፋ ነው። መግፊያው ትንሽ ይገባና ልጆቹ «ውሃም ይታመቃል» ብለው ይደመድማሉ። ስለዚህ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጎኑን መታ መታ በማድረግ አረፋውን አስወጡ። ያገለገለ ሲሪንጅ ታጥቦም ቢሆን ክፍል አይግባ።