በቤት ኪራይ ቁጥጥር ክርክር ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከጸደቀ ወዲህ በተማሪዎች የክርክር መድረክ ላይ የዚህን ርዕስ ያህል የሚዘወተር የለም። የኢኮኖሚ ንድፈ ሐሳብ፣ የግል ኃላፊነትና የመንግሥት ቁጥጥር አንድ ላይ የሚነሡበት ጉዳይ ከመሆኑም በላይ፣ ከተከራካሪዎቹ መካከል በኪራይ ቤት ያላደገ ወይም ከቤተሰቡ አከራይ የሌለው ጥቂት ነው። ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ እነዚህን ክርክሮችም እዳኛለሁ። ጎበዞቹ ሳይቀሩ እዚያው ቦታ ላይ ሲሰናከሉ ማየት ስለሰለቸኝ ይህን ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ስህተት አዋጁን ሳያነቡ መምጣት ነው። አንደኛው ወገን «መንግሥት የኪራይ ዋጋ ተመነ» ብሎ ይነሣል፤ ሌላኛው «መተመኑ ትክክል ነው» ብሎ ይመልሳል። አዋጁ ግን ለእያንዳንዱ ቤት ዋጋ አይተምንም። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ የዓመቱ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው መጠን እንዳያልፍ ይገድባል። እነዚህ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጽሑፍ ውልን አጥብቆ የሚደግፍ ሰው የጭማሪ ገደቡን አጥብቆ ሊቃወም ይችላል፤ ሐሳቡም አይጋጭም። የትኛውን አንቀጽ እንደሚቃወም መናገር የማይችል ተከራካሪ ገና ክርክር አልጀመረም።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ግን «የግል ኃላፊነት» የሚለውን ሐሳብ የክርክር ማብቂያ ማድረግ ነው። ተከራካሪው ብድግ ብሎ «ተከራዩ ሲዋዋል አካለ መጠን ያደረሰ ሰው ነበር፤ የማይችለውን ለምን ተስማማ?» ይልና እንደረታ ሰው ይቀመጣል። እኔም ያን ጊዜ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ፤ የምጽፍለት ነጥብ የለኝምና። ሰው በገባው ውል የሚጠየቀው የሚስማማበትን ነገር ሲያውቅ፣ ሌላ አማራጭ ሲኖረውና ሌላኛውም ወገን በዚያው ውል ሲታሰር ነው። ታዲያ በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረውን እንመልከት። ተከራዩ ቤቱን በደላላ ያገኛል፤ ለደላላው ኮሚሽን ይከፍላል፤ የሦስት ወይም የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይቆጥራል። ውሉ ብዙውን ጊዜ የቃል ነው፤ ቢጻፍም ለግብር ሲባል ከእውነተኛው ኪራይ ያነሰ ቁጥር የሚሰፍርበት ጊዜ አለ። ዓመት ሳይሞላ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ስለሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ይባላል። ልጁ አይመጣም፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ተከራይ በጨመረ ኪራይ ይገባል። ልጆቹን እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ያስገባው የቀድሞ ተከራይ «ውላችን እንዲህ አይልም» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ይህን ሰው «ኃላፊነትህን ውሰድ» ማለት ቀላል ነው፤ ኃላፊነቱን እስከ መጨረሻው ከተወጣ በኋላ ምን ማድረግ ይችል እንደነበር ማስረዳት ግን የተከራካሪው ሥራ ነው፤ ይህን ሠርቶ የሚመጣው ጥቂቱ ነው።

የቁጥጥር ደጋፊዎችም ያንኑ ስህተት ገልብጠው ይሠሩታል። ለእነርሱ ተከራይ ምንጊዜም ተበዳይ፣ አከራይ ምንጊዜም ስግብግብ ነው። አንዲት ጎበዝ ተማሪ «አከራዮች ባለሀብቶች ናቸው» ብላ ስትቀመጥ ከተቃራኒው ወገን አንድ ልጅ ተነሣ፤ እናቱ ጡረታዋ ስለማይበቃት ግቢዋ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች እንደምታከራይ፣ አንደኛው ተከራይም ለወራት ኪራይ ሳይከፍል በእርሷ ቆጣሪ መብራት ሲጠቀም እንደቆየ ተናገረ። ልጅቷ መልስ አጣች፤ ማጣት ግን አልነበረባትም። የእናቱ ችግር የሚፈታው በተመዘገበ ውልና ሳይጓተት በሚወስን ዳኝነት ነው፤ ሁለቱም የመንግሥት ሥራዎች ናቸው። ልጁ ሳያውቀው ለእርሷ ወገን ነጥብ አቀብሎ ነበር፤ ያነሣው ግን አልነበረም። የአንድ ሰው ታሪክ ጥያቄ ለማንሣት እንጂ መጠን ለማሳየት እንደማያገለግል በዚህ አጋጣሚ ልጨምር።

«ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» የሚሉ ተከራካሪዎች የአዲስ አበባን የቤት ገበያ ነፃ ገበያ አድርገው ይነሣሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የከተማ ቦታ ለግንባታ የሚገኘው በሊዝ ጨረታ ወይም በምደባ ነው። ኪራይ ሲወደድ ብዙ ቤት ይሠራል፣ አቅርቦቱም ዋጋውን መልሶ ያወርደዋል የሚለው ትምህርት የሚሠራው ቤት ሠሪው ቦታ፣ ሲሚንቶና ብድር ማግኘት ሲችል ነው። እዚህ ላይ አንዱ ከታነቀ ዋጋው ቢወጣም ቤቱ አይመጣም። «ገበያው ከሽፏልና መንግሥት ይግባ» የሚሉትም ይህንኑ ይዘላሉ፤ መንግሥት ከመነሻው መሬቱን ይዞ በገበያው ውስጥ ነበርና «ይግባ» የሚባል ነገር የለም። የሚጠቅመው ጥያቄ አቅርቦቱን ያጠበበው የትኛው ደንብ ነው፣ የትኛውስ ቢሻሻል ብዙ ቤት ያመጣል የሚለው ነው። የኪራይ ጭማሪን እየገደቡ የቦታ አቅርቦትን ማስፋት አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ተማሪዎቼ ግን ከሁለቱ አንዱን የመምረጥ ግዴታ ያለባቸው ይመስላቸዋል።

የምሁራንን ስም እንደ ባንዲራ ማውለብለብ ብዙ ጊዜ ያጠፋል። አዳም ስሚዝን ለነፃ ገበያ ጠበቃነት የሚጠራው ተከራካሪ፣ ስሚዝ ባንኮችን የሚገድብ ሕግ ሲደግፍ እሳት እንዳይዛመት በቤቶች መካከል ግንብ እንዲሠራ ከሚያስገድድ ሕግ ጋር እንዳመሳሰለው አያውቅም። የመንግሥት ሚና ደጋፊ ተብሎ የሚታወቀው ፖል ክሩግማንም እ.ኤ.አ. በ2000 የኪራይ ቁጥጥርን ተቃውሞ ጽፏል።

የውጭ አገር ማስረጃ የሚቀርብበት መንገድም ያሳዝናል። «በርሊን ሞክራ አልተሳካላትም፤ ፍርድ ቤት ሻረው» ይባላል። እውነት ነው፤ ከተማዪቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣችውን የኪራይ ጣሪያ የጀርመን የፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2021 ሽሮታል። የሻረው ግን ጉዳዩ ቀድሞ በፌዴራል ሕግ የተያዘ ስለሆነ ከተማዪቱ ሥልጣን የላትም ብሎ ነው፤ ጣሪያው ለኢኮኖሚው ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ብሎ አልፈረደም። ይህን ውሳኔ እንደ ኢኮኖሚ ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው የክርክሩ ዳኛ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አላነበበውም ብሎ ተወራርዷል ማለት ነው። የተሻለ ማስረጃ የሚፈልግ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይሂድ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1994 የኪራይ ቁጥጥሩ ወደ አነስተኛ የኪራይ ሕንፃዎች ሲሰፋ የሆነውን ሦስት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንተው በ2019 አሳትመዋል። ቁጥጥሩ የደረሳቸው ተከራዮች በቤታቸውና በከተማው ጸንተው ቆይተዋል። የተነኩት አከራዮች ግን ቤቱን ሸጠው ወይም አፍርሰው እንደገና በመሥራት ለኪራይ ያቀረቡትን የቤት ብዛት በ15 በመቶ ቀንሰዋል፤ በዚህም ምክንያት በከተማው የሌሎች ተከራዮች ኪራይ ሳይወደድ እንዳልቀረ አጥኚዎቹ ደምድመዋል። ይህን ጥናት ሁለቱም ወገኖች ይጠቅሱታል፤ እያንዳንዱ ግማሹን ብቻ።

እንደ ግማሽ ታሪክ የሚነገር ሌላም በቅርባችን አለ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሰ፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትም ለቀበሌዎች ተሰጡ። ደጋፊው ወገን ይህ አዋጅ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦችን ለአሥርት ዓመታት በመሐል ከተማ እንዳኖረ ይናገራል፤ እውነቱን ነው። ተቃዋሚው ደግሞ ኪራዩ ለእድሳት ስለማይበቃ የቀበሌ ቤቶች ጣሪያቸው እያፈሰሰ፣ ግድግዳቸው እየዘመመ እንዳረጁ ይናገራል፤ እርሱም እውነቱን ነው። ሁለቱ እውነቶች የሚገናኙት «ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይከፍላል?» በሚለው ጥያቄ ላይ ሲሆን፣ ስለ አሁኑ አዋጅ በሚደረገው ክርክርም ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

ጊዜን መዘንጋትም አለ። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲጥል ስኳርና ዘይት ወዲያው ከሱቅ መጥፋት ጀመሩ፤ ጣሪያውም በወራት ውስጥ ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሣ። ተከራካሪዎች ይህን ምሳሌ እንዳለ ወደ ቤት ኪራይ ያመጡትና «እስካሁን ቤት አልጠፋም፤ ስለዚህ ቁጥጥሩ ሠርቷል» ወይም «ያው ሊጠፋ ነው» ይላሉ። ነጋዴ ዘይቱን በአንድ ሌሊት ከመደርደሪያ ያነሣል፤ የቆመ ቤት ግን የትም አይሄድም። የኪራይ ገደብ ጉዳት ካለው የሚታየው ሊሠሩ ታስበው ባልተሠሩ ቤቶችና በተተወ እድሳት ሲሆን፣ ጥቅሙም በአንድ ትምህርት ቤት ዓመታትን በጨረሱ ልጆች ላይ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ በጀት ዓመት ውስጥ መቁጠር አይቻልም።