ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቁጣ ሲነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ድንገተኛ ክፍል ዓመታት ሠርቻለሁ። ተሰድቤያለሁ፣ ተገፍትሬያለሁ። አንዴ ደግሞ የግሉኮስ ማንጠልጠያ ብረት ለጥቂት ስቶኛል። ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

"ጠጥቶ ነው" ብሎ መተው

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ጎልማሳ በሦስት ሰው ተይዞ ገባ። ይራገጣል፣ ይሳደባል፣ እናቴን እንኳ አልማራትም። ጥበቃው "ጠጥቶ ነው፣ እስኪበርድለት ተዉት" አለ። እኛም ልንተወው ዳር ዳር ስንል አንዲት ተማሪ ነርስ ጣቱን ወግታ ስኳሩን ለካች። 34! ወዲያው 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠነው። ትንሽ ቆይቶ ቁጭ አለና ላቡን እየጠረገ "ሲስተር፣ ምን አጠፋሁ?" አለኝ። ኢንሱሊኑን ተወግቶ እራት ሳይበላ ነበር የተኛው።

ስኳር ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ይባላል። በጣም ሲወርድ ደግሞ ጨዋውን ሰው ተደባዳቢ ያደርገዋል። የኦክስጅን ማነስ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ የሚጥል በሽታ ከተነሳ በኋላ የሚመጣው መደናገርም እንዲሁ። ብዙ የሚረሳው ግን መጠጥ በድንገት ማቆም ነው። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው እግሩ ተሰብሮ ይተኛል። ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይማታል። "ትናንት እኮ ሰላም ነበር!" እንላለን። ትናንት ሰላም ከነበረማ ሐኪም መጥራት ያለብን ለዚሁ ነው።

ወረፋው እንዴት እንደሚሄድ አለመናገር

አስታማሚው የሚያየው ይህን ነው፦ እሱ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጧል፣ አሁን የመጣ ሰው ግን ቀድሞት ገባ። "ዘመድ ስላለው ነው" ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኛ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እያልን እንደ ሕመሙ ክብደት መለየታችንን ማን ነገረው? "እናትዎ ቢጫ ናቸው። ቀይ ከመጣ ይቀድማቸዋል፤ እኔ ግን በየግማሽ ሰዓቱ አያቸዋለሁ" ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያሉትን ግማሽ ሰዓት ማክበር ግን ግድ ነው።

መድኃኒት ከውጭ ገዝተው እንዲመጡ ስንልክም እንዲሁ ነው። ሰውየው ሦስት ፋርማሲ ዞሮ ሲመለስ "ይሄ አይደለም" ከተባለ ምን እንዲል ትጠብቃላችሁ? ወረቀቱን ስትሰጡት በሚነበብ ጽሑፍ ይሁን።

"አንተ" እና "ተረጋጋ"

ሽማግሌን "አንተ፣ ወደዚያ ሁን" ያለ ሠራተኛ ጠቡን ራሱ ጀምሮታል። "አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ" ማለት ምንም አያስከፍልም። "ተረጋጋ!" ብሎ መጮህም ማንንም ሲያረጋጋ አላየሁም። "ስምህ ማን ነው? የታመመው ምንህ ነው?" ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ መጠየቅ ይሻላል። ሰው እየመለሰ እኩል መጮህ ይከብደዋል።

መርዶን ኮሪደር ላይ መናገር

በአገራችን መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ሰውን አስቀምጦ ነው የሚነገረው። እኛ ግን ኮሪደር ላይ ቆመን፣ ጓንታችንን እንኳ ሳናወልቅ እንናገራለን። ካየኋቸው ከባድ ጠቦች ብዙዎቹ የተነሱት እንዲህ ነው።

እኔ አሁን መጀመሪያ "ከእናንተ ታላቅ ማን ነው?" ብዬ ጠይቄ አንድ ሁለት ሰው ወደ ክፍል አስገባለሁ። ወንበር ይኖራል፣ ሐኪሙም አብሮኝ ይሆናል። ብቻዬን አልገባም። ቃሉ ደግሞ ግልጽ ነው፦ "አርፈዋል።" አንድ ጊዜ "የምንችለውን ሞክረን ነበር" ብዬ ልጅየው "ታዲያ አሁንም ሞክሩ!" ብሎ ኮሌታዬን አንቆኛል። ከነገርን በኋላ ዝም ማለት፣ አስከሬኑን እንዲያዩ መፍቀድ። ስለ ሂሳብ የሚወራው ቆይቶ ነው።

ማዕዘን ውስጥ መቆም

ለበሩ የምትቀርቡት እናንተ ሁኑ፣ የሰውየውንም መውጫ አትዝጉ። ስቴቶስኮፕ አንገት ላይ አይንጠልጠል፤ መቀስ ከኪስ ይውጣ። ቢላ ወይም ዱላ ከመዘዘ ወሬ የለም፣ መውጣትና ጥበቃ መጥራት ነው።

ደፍቶ መያዝ

ታካሚን በሆዱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መጫን ትንፋሹን ሊያቋርጥና ሊገድለው ይችላል። መያዝ ግድ ከሆነ በጀርባው ወይም በጎኑ ይተኛ። አንድ ሰው ደግሞ ሥራው አተነፋፈሱን ማየት ብቻ ይሁን።

"ያጋጥማል" ብሎ ማለፍ

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ስድብና ዛቻም ጥቃት ናቸው። እኛ ግን ደም ካልፈሰሰ አንጽፍም።

የእኛ ክፍል አንድ ደብተር ጀመረ። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ ማን እንደነበረ፤ በቃ። ከሦስት ወር በኋላ ስናገላብጠው አብዛኛው ጠብ የተነሳው የጥየቃ ሰዓት ሲያልቅ፣ ጥበቃው "ውጡ! ውጡ!" እያለ ሲዞር ነበር። አሁን 15 ደቂቃ ሲቀረው አንዲት ነርስ በየአልጋው እየዞረች "ሰዓቱ እየደረሰ ነው፣ ምሳ ዕቃችሁን ሰብስቡ" ትላለች። ፔርሙስ ግን አሁንም እየረሱ ይመለሳሉ።