የብራንች ስምና የቲኬት ቁጥር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚያቆይ መሣሪያ) በሚሠሩ ቡድኖች ዘንድ በብዛት የሚታየው ስህተት ብራንችን፣ ማለትም ከዋናው ኮድ ተነጥሎ የሚሠራበትን ቅርንጫፍ፣ በባለቤቱ ወይም በዕለቱ ስሜት መሰየም ነው፦ «የአበበ-ሥራ»፣ «አዲስ»፣ «አዲስ2»፣ «የመጨረሻ»፣ ከሳምንት በኋላም «የእውነት-የመጨረሻ»። እንዲህ ያለው ስም ከወር በኋላ ለሰየመው ሰው እንኳ የሚነግረው ነገር ስለማይኖር፣ ብራንቹ ይሰረዝ ወይስ ይቆይ የሚለውን ለመወሰን ኮዱን ከፍቶ ማንበብ ግድ ይሆናል።

ይህን የተረዱት ደግሞ የቲኬቱን (የሚሠራው ሥራ የተመዘገበበትን ገጽ) ቁጥር በብራንቹ ስም ውስጥ ያስገቡና፣ ቁጥሩ ስለተጻፈ ብቻ በብራንቹና በቲኬቱ መካከል ግንኙነቱ የተፈጠረ ይመስላቸዋል። ቲኬቶች በሚመዘገቡበት ጂራ በተባለው መሣሪያ የቲኬት መለያ የሚባለው ቢያንስ ሁለት ትልልቅ የላቲን ፊደላት ያሉት የፕሮጀክቱ ምህጻረ ቃል፣ ጭረትና ቁጥር አንድ ላይ ሲሆኑ ነው፤ ለምሳሌ «ፔይ-142» (በእኛ ፊደል ያስቀመጥኩት ለንባብ እንዲመች ነው)። ሪፖው (የፕሮጀክቱ ኮድ የሚቀመጥበት ማከማቻ) ከጂራ ጋር ተገናኝቶም ቢሆን፣ «142» ብቻውን ከተጻፈ ጂራ የየትኛው ፕሮጀክት ቁጥር እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቀድሞ እሠራበት በነበረ አንድ ቡድን ውስጥ «ፊክስ/142-ተመላሽ-ክፍያ» በተባለ ብራንች ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሠራ፣ ቲኬቱ ላይ አንድም ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ስላልታየ አስተባባሪያችን ሥራው ያልተጀመረ መስሏቸው ለሌላ ባልደረባ ሰጡት፤ አንዱ ጥገናም ሁለት ጊዜ ተሠራ።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ስህተት የአንዱን መሣሪያ ደንብ ለሌላው መጠቀም ነው። የጊት ኮድ በሚቀመጥበት ጊትላብ በተባለው አገልግሎት የብራንቹ ስም በኢሹው (እዚያ ቲኬት የሚባለው እንዲህ ነው) ቁጥርና በጭረት ከጀመረ፣ ማለትም «142-ተመላሽ-ክፍያ» ከተባለ፣ ግንኙነቱ በራሱ ይፈጠራል። ተመሳሳይ አገልግሎት በሆነው በጊትሃብ ግን ስም ውስጥ ያለ ቁጥር ብቻውን ምንም አያያይዝም፤ ወይ ብራንቹን ከኢሹው ገጽ ላይ መፍጠር፣ ወይም በፑል ሪኩዌስቱ (ለውጡ ወደ ሌላ ብራንች እንዲገባ በሚቀርበው ጥያቄ) መግለጫ ውስጥ «ክሎዝስ #142» (በላቲን ፊደል፤ «142ን ይዘጋል» ማለት ነው) ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ቃል ደግሞ የሚሠራው ፑል ሪኩዌስቱ ወደ ሪፖው ዋና ብራንች የሚያመራ ሲሆን ብቻ ነው። ሥራቸውን አስቀድመው «ዴቨሎፕ» ወደሚባል ብራንች መርጅ የሚያደርጉ (የሚያዋህዱ) ቡድኖች «ኢሹው ለምን አልተዘጋም?» እያሉ የሚደናገሩት፣ ዋናው ብራንች ተብሎ የተመዘገበው «ሜይን» ሆኖ ሳለ ነው።

ጊት የራሱ ክልከላዎችም አሉት። ባዶ ቦታ፣ የጥያቄ ምልክት፣ የኮከብ ምልክትና ተከታታይ ሁለት ነጠላ ነጥቦች በስም ውስጥ አይፈቀዱም። የ# ምልክት በጊት ባይከለከልም፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት ባሽ በተባለው ፕሮግራም ላይ «#142» ብሎ የሚጀምር ስም ሲጻፍ ባሽ ከምልክቱ ወዲያ ያለውን ሁሉ እንደ አስተያየት ቆጥሮ ይተወዋል፤ ጊት ዘንድ የሚደርሰው ስም የጎደለው ትእዛዝ ነው። እዝባርም (/) ያስቸግራል፦ «ፊቸር» የሚባል ብራንች አስቀድሞ ካለ «ፊቸር/ፔይ-142» የሚል መፍጠር አይቻልም፤ ምክንያቱም ጊት ብራንችን በተለምዶ እንደ ፋይል ስለሚያስቀምጠው፣ አንድ ስም ፋይልም ፎልደርም ሊሆን አይችልም።

እኛን ለይቶ የሚመለከተው የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል የመጻፍ ልማድ ነው። «ክፍያ» የሚለውን ቃል አራት ሰዎች በአራት ዓይነት መንገድ ይጽፉታል፣ ፈልጎ ማግኘትም አይቻልም። ጊት የግእዝን ፊደል ይቀበላል፤ ሆኖም «ሥራ» እና «ስራ» ለእኛ አንድ ቃል ሲሆኑ ለጊት ሁለት የተለያዩ ብራንቾች ናቸው። ስለዚህ በስሙ ውስጥ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል አስገብቶ የአማርኛውን ማብራሪያ ለቲኬቱ መተውን እመርጣለሁ።

ስህተቱ ከታወቀ በኋላ በችኮላ ስም መቀየርም ጣጣ አለው። በኮምፒውተርዎ ላይ የቀየሩት ስም ፑሽ የተደረገውን (ወደ ሰርቨሩ የተላከውን) የቀድሞ ብራንች አይነካውም፤ አዲሱን ፑሽ አድርገው አሮጌውን ከጊትሃብ ሲሰርዙ ደግሞ በአሮጌው ላይ የተከፈተው ፑል ሪኩዌስት ይዘጋል። «ፔይ-142» በማለት ፈንታ «ፔይ-124» ብለው ቢጽፉ ግን የሚያስጠነቅቅዎ የለም፤ ቲኬቱ እስካለ ድረስ ሥራዎ ከሌላ ሰው ቲኬት ጋር ይያያዛል። በዚህ ምክንያት መለያውን በጣት ከመጻፍ ከቲኬቱ ገጽ ላይ ቀድቶ መለጠፍ፣ ወይም እዚያው ገጽ ላይ ባለው ብራንች መፍጠሪያ መጠቀም ይሻላል።